ብስጭት፣ አንጎልና የጠባይ ልዩነት

ብስጭት የሚፈጠረው የጠበቅነው ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ለጊዜው ይቀንሳል፤ ስሜትን የሚያነሣሣው አሚግዳላ የተባለው ክፍልም ይነቃቃል። ከግንባር በስተጀርባ የሚገኘው የአንጎል ክፍል ደግሞ ስሜቱን ይገታል። የሁለቱ ሚዛን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱም በከፊል በዘር የሚወረስ ነው።

ቁጡ ሰው ብስጭቱን ወዲያው ሲገልጽ ዝምተኛው በውስጡ ያምቀዋል። ሆኖም ዝምታ ሁልጊዜ እርጋታ አይደለም፤ ስሜቱን የሚያምቅ ሰው ሰውነቱ በውጥረት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ቤተሰብ ለሚቆጣው ብቻ ሳይሆን ዝም ለሚለውም ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።

ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከሰው መራቅ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን አንድም ቀን አይጠብቁ።