ስለ ጅቡቲ የወባ ትንኝና «ለመደች» ስለምንለው ቃል

ስለ ሕያዋን ፍጥረታት ጠባይ ስናስተምር ከተማሪዎቻችን አፍ ዘወትር የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ትንኟ መድኃኒቱን ለመደችው» የሚለው ነው። አነጋገሩ ለጆሮ የተስማማ ቢሆንም እውነቱን ይሰውረዋል። ሰው ብርዱን ይለምዳል፤ በቅሎም መንገዱን ትለምዳለች፤ አንዲት ትንኝ ግን የሚገድላትን መርዝ ብትነካ ትሞታለች እንጂ አትለምደውም። የሚለወጠው ትውልዱ ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት በጎረቤታችን በጅቡቲ ከተማ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጅቡቲ ከተማ በ1888 በባሕር ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፥ የምድር ባቡር በ1902 ከድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር አገናኝቷታል። ምድሯ ደረቅ፥ ዝናቧ ጥቂት፥ ሐሩሯም የሚፋጅ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከጥንት የታወቀችው የወባ ትንኝ ዝናብ ባቆረው ኩሬና በወንዝ ዳር የምትራባ በመሆኗ፥ ይህች ከተማ ብዙ አልተመቸቻትም ነበር። በ2012 በአገሩ ሁሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ስለ ነበሩ፥ ወባ ከጅቡቲ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ እንደ ቀረበ ተስፋ ተደርጎ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ቀድሞ በአፍሪካ ቀንድ ያልታየች፥ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ ትንኝ በከተማዪቱ ተገኘች። የዚህች ትንኝ አገር ሕንድ፥ ፋርስና ዓረብ ነው፤ በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ የጉድጓድና የማጠራቀሚያ ውኃ ትንኝ መሆኗ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፏል። ወደ ጅቡቲ ስትመጣም የሚስማማትን አገኘች። ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር ሰው በርሜልና ጋን ይሞላል፤ በሰገነቱም ላይ ታንከር ያቆማል። እንዲህ ሰው ለጥማቱ ያከማቸው ውኃ ለትንኟ ርስት ሆነላት፤ ዝናብ ሳትጠብቅም ዓመቱን ሙሉ ተገኘች። በ2020 የተመዘገቡት ሕሙማን ከ73,000 በላይ ሆኑ። ለዚህ መብዛት ሌላም ምክንያት ቢኖር፥ የዚህች ትንኝ መምጣት ከዋናዎቹ አንዱ መሆኑ ታምኖበታል።

እንግዲህ ለውጡ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። በአንድ መንደር ካሉት ትንኞች መካከል ጥቂቶቹ መርዝን የሚያስችል ጠባይ ይዘው ይወለዳሉ እንበል። መርዙ ሲረጭ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ተርፈው ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን ጠባይ ይወርሳሉ። ከብዙ ትውልድ በኋላ መንደሩ የእነርሱ ይሆናል። ስለዚህ «ለመዱ» ከምንል «ያልቻሉት አለቁ፥ የቻሉት ወለዱ» ብንል ከእውነቱ እንቀርባለን።

የወባው ተህዋስም ከዚህ ሕግ አልወጣም። በብዙ አገር የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ተህዋሱ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን የሚፈልግ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል ያጣ ተህዋስ ግን ከምርመራው ያመልጣል፤ ሕመምተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ መድኃኒት ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተህዋሱም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። በጅቡቲ እንዲህ ያለው ተህዋስ በዝቶ ተገኝቷል። መመርመሪያው ራሱ ሳይታሰብ እንደ ወንፊት ሆኖ የሚታየውን ተህዋስ ከማይታየው ለየው ማለት ነው።

የዓለም ሕዝብም ይህን ትምህርት ያገኘው በብዙ ድካም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1955 ወባን ከምድር ለማጥፋት በዲዲቲ ታላቅ ዘመቻ አወጀ፤ መርዙን የሚቋቋሙ ትንኞች ግን ከዚያ በፊትም ታይተው ነበር። በ1969 ዘመቻው እንደ ታሰበው የማይፈጸም መሆኑ ታምኖ ዕቅዱ ተሻሻለ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ይህችው ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሐር ታየች፤ በ2022 ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወራት በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። በጅቡቲ በኩል በግንቦት 2024፥ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ እንዲሞቱ ተደርገው የተዘጋጁ ወንድ ትንኞች በአምቡሊ ሰፈር ተለቀቁ። ወንድ ትንኝ ሰውን አይነክስም። በዚህ ጊዜ ሰው በመርዝ ፈንታ ራሱን የዘር ውርሱን መሣሪያ አደረገ።

አንድ ቃል ማረም ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው። ትንኟ መርዝ የምትለምድ ከመሰለን መፍትሔው መርዙን ማብዛት ብቻ ይመስለናል። ትውልድ በትውልድ እየተመረጠች መለወጧን ካወቅን ግን መድኃኒቱን ማፈራረቅ፥ መመርመሪያውን መመርመር፥ ከሁሉም በላይ የውኃውን በርሜል መክደን እንደሚገባ እናስተውላለን። አባቶቻችን ወባን የቆላና የረግረግ በሽታ አድርገው አስተምረውናል፤ በዘመናቸውም አልተሳሳቱም። ዛሬ ግን ወባ በከተማ ሰገነት ላይ ትወለዳለች። ትንኟ በየትውልዱ ስትለወጥ የእኛ ትምህርት ባለበት ቢቆም፥ ዕዳውን የሚከፍሉት ተማሪዎቻችን ናቸው።