የዘይላው ሹም ያልተፈረደበት ክስ

በ1851 ዓ.ም ግንቦት ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1859)፣ በኤደን የፈረንሳይ ቆንስላ ወኪል የነበረው ሄንሪ ላምበርት በጀልባ ወደ ታጁራ ሲጓዝ በሙሻ ደሴቶች አካባቢ ተገደለ። የገደሉት የጀልባዋ ሰዎች ናቸው ተባለ። ማን አዘዛቸው ለሚለው ጥያቄ ፈረንሳዮች የጠሩት ስም የዘይላውን ሹም የሐጂ ሸርማርኬ ዓሊ ሳልህን ነው። ይህ ክስ አንድ ሽማግሌን ለእስር ዳረገ፤ የጥንታዊቷን የንግድ ከተማ ሹመትም ለባላንጣቸው አጸና። የኢትዮጵያ ንግድ በዘይላ መውጣቱን ትቶ በጅቡቲ በኩል እንዲሄድ ካደረጉት ክስተቶች አንዱም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘይላ የቀደመ ታሪክ የታወቀ ነውና አልገፋበትም። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ሲደርስባት የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው ሌሊቱን መርከብ ላይ አድሯል። የገበያዋን ትልቅነት ግን አልሸሸገም። የኢፋቱ ሱልጣን ሰዓደዲን ከደጋው ነገሥታት ጦር ሸሽተው ሕይወታቸው ያለፈው እዚያው ነው። ፖርቱጋሎችም እ.ኤ.አ. በ1517 አቃጥለዋታል። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ከሐረርና ከሸዋ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ቆዳና ዝባድ ይወርድባት ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባምና፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰውም ጭምር። ወደ ላይ ደግሞ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣባት ነበር።

ሐጂ ሸርማርኬን በቅርብ ያሳየን እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ነው። በ1854 መጨረሻ (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ሐረር ከመውጣቱ በፊት ሳምንታት የቆየው በእርሳቸው እንግድነት ነበር። በርተን የገለጻት ዘይላ በኖራ የተለሰኑ ደርዘን ያህል የድንጋይ ቤቶችና ከሁለት መቶ የሚበልጡ የሣር ጎጆዎች ያሏት፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። የሚጠጣ ውኃ ከከተማዋ ውጪ ካሉ ጉድጓዶች ይመጣል። ሹሙ ቁመተ ረጅም፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ሆኖም በርበራንና ሐረርን ለመያዝ ያልማሉ።

ከንግድ ጀልባ ተነስተው ለሹመት የበቁ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1825 በርበራ ላይ ሜሪ አን የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ስትዘረፍ፣ መርከበኞቹን ለማዳን በመሐል ገብተው ቆስለዋል። እንግሊዞች ይህን ውለታ አልረሱም። ፈረንሳዮችም አልረሱም፤ እነርሱ ግን ያስታወሱት የእንግሊዝ ወዳጅ በመሆናቸው ነው። የሸርማርኬ ባላንጣ አፋሩ አቡበከር ኢብራሂም ወደ ፈረንሳይ ያደሉ ነበር። ዘይላ በስም የቱርክ ግዛት ስለነበረች ሹመቷ የሚሰጠው ከየመን ባሕር ዳርቻ ነው። በ1850ዎቹ አጋማሽ ሸርማርኬ ተሽረው አቡበከር ተሾሙ፤ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ሸርማርኬ ተመለሱ። ላምበርት የአቡበከር ወዳጅ ነበር። የተገደለውም ይህ ፉክክር በጋለበት ሰዓት ነው።

ፈረንሳይ ጉዳዩን እንዲያጣራ የባሕር ኃይል አዛዡን ፍሌሪዮ ደ ላንግልን ላከች። ሸርማርኬና አብረዋቸው የተጠረጠሩ ሰዎች ተይዘው በመርከብ ተወሰዱ። ሽማግሌው ግን ፍርድ ፊት ሳይቀርቡ በ1861 ሞቱ።

የፈረንሳይ ወገን ክርክር የሚቆመው ሸርማርኬ ላምበርትን የሚጠሉበት ምክንያት ነበራቸው በሚለው ላይ ነው። ምክንያቱ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ምክንያት ማስረጃ አይደለም። ስምጥ ሸለቆውን ተሻግሮ ቅፍለት የሚመራ ነጋዴ ሁሉ በዚያ ዘመን ጠላት ነበረው። ሸርማርኬ ደግሞ የፈረንሳይ መርከብ ዳርቻቸው መጥቶ ቢቆም ምን እንደሚከተል አሳምረው የሚያውቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከባዕዳን መርከበኞች ጋር የተደራደሩ ሰው ናቸው። ከላምበርት ሞት ማን ተጠቀመ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ዘይላ ለአቡበከር ጸናች። የአቡበከር ዘመድ ዲኒ አሕመድ ፓሪስ ሄደው በመጋቢት 1862 ውል ፈረሙ፤ ፈረንሳይም የባሕር ዳር ቦታዋን ኦቦክን በ10,000 ጠገራ ብር ገዛች። ያልተሰማ ተከሳሽ እንደ ጥፋተኛ ሊጻፍ አይገባም።

አቡበከር ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የበሩ ጌታ ሆነው ኖሩ። ግብፆች በ1875 ዘይላን ሲረከቡም ቦታቸውን አላጡም፤ ይልቁንም ፓሻ ተባሉ። ንጉሥ ምኒልክ ከሸዋ ለሚልኩትና ለሚያስመጡት ዕቃ የእርሳቸውን ደጅ ማለፍ ግድ ነበር። በ1885 ሞቱ። በአንጻሩ ግመል የጫነው፣ ቅፍለቱን በየጎሳው ምድር በዋስትና ያሳለፈው አባን፣ በሸዋ በአልዩ አምባ ገበያ የተቀበለው ነጋዴ ስማቸው የተጻፈው አልፎ አልፎ ነው።

የቀረው ታሪክ ፈጣን ነው። አቡበከር ከመሞታቸው ቀደም ብሎ፣ በ1884፣ እንግሊዞች ዘይላን ያዙ። ፈረንሳይ ከኦቦክ ተሻግራ በ1888 ጅቡቲን ቆረቆረች። ምኒልክ በ1894 የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማን (ናዝሬትን) ከተማ ያደረጋት ይኸው ሐዲድ ነው። ዘይላን በመጨረሻ ያዳከማት ጦር ሳይሆን የባቡር ጣቢያ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቷ ነው። ዛሬ በሶማሌላንድ አውደል ግዛት፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳይርቅ የምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት።

የሸዋ ንግድ ግን ያን የባሕር ዳርቻ አልተወም። ከጅቡቲ የተነሳ ተሳቢ መተሐራንና አዳማን አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም ጥር ከመግባቱ በፊት ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ የባሕር በርን ነገር እንደገና በየቤቱ አስነስቷል። ክርክሩ ሁሉ ግን ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ውል ዓመታት ነው፤ በዚያ ዳርቻ ስለኖሩትና ከእኛ ጋር ለዘመናት ስለነገዱት ሰዎች ብዙም አይወራም።

በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሞጆ አያቶቻቸው ወደ ዘይላ ግመል የጫኑ ቤተሰቦች ዛሬም ይኖራሉ። ከእነርሱ ወገን የሆናችሁ አንባቢዎች በሣጥን ውስጥ የቀረ የአረብኛ ደብዳቤ፣ የጉምሩክ ወረቀት ወይም የሂሳብ መዝገብ ካላችሁ አትጣሉት። ቢያንስ ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ስጡ። አዛውንት ካሏችሁም የሚያውቁትን ዛሬውኑ ቅዱላቸው።