የሌሊት ተረኛና ንቃቱን የሚቆጣጠረው ሰዓት

ለሌሊት ጥበቃ የተቀጠረ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ለሠራው ሥራ ሳይሆን ነቅቶ በመገኘቱ ስለሆነ፣ ምንም በማይከሰትበት ረጅም ሌሊት ዘበኛው ጥግ ይዞ ቢያንቀላፋ አሠሪው የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ደርቢ ከተማ ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ ጆን ዋይትኸርስት ለዚህ ችግር የተቆጣጣሪ ሰዓት ሠርቷል፤ በሰዓቱ ገጽ ዙሪያ የተደረደሩት ችንካሮች እያንዳንዳቸው ወደ ውስጥ የሚገፉት ጊዜያቸው ሲደርስ ብቻ ስለነበር፣ ሲነጋ ሳይገፋ የተገኘ ችንካር ዘበኛው በዚያ ሰዓት ከቦታው እንዳልነበረ ያጋልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ደግሞ ጀርመናዊው ዮሐንስ ቡርክ ዘበኛው ይዞት የሚዞር ሰዓት አወጣ፤ ዘበኛው በየጥበቃ ቦታው በሰንሰለት የታሰረውን ቁልፍ ሲያስገባበት፣ በውስጡ ያለው ወረቀት የደረሰበትን ቦታና ሰዓት ይመዘግባል።

የባቡር ድርጅቶች በበኩላቸው ተረኞቻቸውን በቴሌግራፍ፣ ማለትም መልእክትን በነጥብና በሰረዝ ምልክት በሽቦ በሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ይቆጣጠሩ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በካናዳ ስትራትፎርድ ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲሠራ፣ መንቃቱን ለማረጋገጥ በየሰዓቱ የ«6» ቁጥርን ምልክት፣ በወቅቱ የአሜሪካ ኮድ ስድስት ተከታታይ ነጥብ የነበረውን፣ ለተቆጣጣሪው እንዲልክ ይገደድ ነበር። ቀኑን በሙከራ ስለሚያሳልፍ ሌሊት እንቅልፍ ያሸንፈው የነበረው ይህ ወጣት፣ ጠርዙ የተሸረካከተ መሽከርከሪያ ከሰዓት ጋር አገናኝቶ ምልክቱ ሰዓቱን ሳያዛንፍ በራሱ እንዲተላለፍ አደረገ። ዘዴው የተነቃበት ምልክቱ ስለተዛባ አልነበረም፤ ምልክቱ በደረሰ ቅጽበት ጣቢያው ሲጠራ መልስ የሚሰጥ ሰው ባለመገኘቱ ነው። ኤዲሰን ተግሣጽ ደረሰበት፤ በኋላም እንዲያቆመው የታዘዘው የጭነት ባቡር ስላመለጠውና ሁለት ባቡሮች ሊጋጩ ጥቂት ስለቀራቸው፣ ለጥያቄ ቢጠራም ሳይጠብቅ ከካናዳ ወጣ።

ይህን ታሪክ የስንፍና ወይም የብልጠት ታሪክ ብቻ አድርጎ ማየት ዋናውን ነገር ያስታል። የባቡሮቹ አደጋ እንደሚያሳየው ተረኛው የሚያስፈልገው ሰዓቱ በማይታወቅ ጥሪ ላይ ነበር፤ ድርጅቱ ግን የለካው ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀውን ምልክት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነና በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ተግባር ደግሞ ለመሣሪያ የሚመች ተግባር ነው። በእርግጥም ተመሳሳይ አሠራር ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ ከተሞች ለአገልግሎት የዋለው የመልእክተኛ መጥሪያ ሣጥን ላይ ታየ፤ ደንበኛው የሣጥኑን እጀታ ሲያዞር፣ በውስጡ ያለው ባለጥርስ መሽከርከሪያ የቤቱን መለያ ምልክት በሽቦ ወደ መልእክተኞቹ ቢሮ ያስተላልፍለት ነበር።