የደብረ ሊባኖስ ገደል የክረምት ፏፏቴዎች

በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ዝናብ ሲበረታ ከደጋው ሜዳ አፋፍ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የሚወረወሩ ትናንሽ ፏፏቴዎች ናቸው። ውሃቸው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል።

ፏፏቴዎቹን የሚያስነሳቸውም የሚያደርቃቸውም የላይኛው ሜዳ ነው። መሬቱ በአብዛኛው ዋልካ ስለሆነ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ስንጥቁን ሞልቶ ይቀራል። አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ግን ውሃ አያሰርግም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ በየጅረቱ ወደ ገደሉ ይነዳል። አፋፉ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ስለሆነ በቀላሉ አይሸረሸርም፤ ውሃው ቁልቁል የሚወረወረውም ለዚህ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነባብረዋል። ዝናቡ ሲያባራ ጅረቶቹ ይሳሳሉ፤ በጥር ብዙዎቹ በዓለቱ ላይ የእርጥበት መስመር ብቻ ይሆናሉ።

በብዛት የሚጎበኘው «የፖርቱጋል ድልድይ» ከሚባለው የድንጋይ ድልድይ ሥር አልፎ የሚወርደው ነው። ስሙ ጎብኚን ያሳስታል፦ ድልድዩን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ኢትዮጵያዊው መስፍን ራስ ዳርጌ ሳያሠሩት አልቀሩም። በአካባቢው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማራሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት የደብረ ሊባኖስ ገዳምም ቅርብ ነው።

ፏፏቴዎቹን ለማየት የሚመረጠው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ ያለው ጊዜ ነው። ዓለቱ እርጥብ ሲሆን ክፉኛ ያንሸራትታልና ወደ አፋፉ አይጠጉ።