ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጀርባ ሰው አለ

ጽሑፉ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ እንግሊዝ አገር ለኬር ሥራ ኢንተርቪው የተጠራችሁ ልጆች በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ መልእክት ተመሳሳይ ነው፤ «ቲቸር፣ ምን ምን ይጠይቃሉ? መልሱን ይላኩልን።» መልስ መላክ አልወድም። ተሸምድዶ የመጣ መልስ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል፤ ጠያቂዎቹም ወዲያው ይለዩታል። ደግሞ እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የምችለው ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ መንገር ነው። ከየት እንደመጡ ያወቀ ሰው መልሱን ከራሱ ያወጣዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከሚወዱት ጥያቄ እንጀምር፤ «የምትንከባከቡትን ሰው ክብር እንዴት ትጠብቃላችሁ?»

በ1834 እንግሊዝ የድሆችን ሕግ አሻሻለች። ከዚያ በኋላ እርዳታ የፈለገ ሰው በሕጉ አሳብ ወርክሃውስ ወደሚባለው የድሆች ማደሪያ መግባት ነበረበት። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የውስጡ ኑሮ ውጭ ካለው ዝቅተኛ ሠራተኛ ኑሮ የባሰ ይሁን፣ ያኔ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ባልና ሚስት ይለያዩ ነበር። ልጆች ከወላጆቻቸው ይነጠሉ ነበር። የራስን ልብስ አውልቆ የማደሪያውን ዩኒፎርም መልበስ ግድ ነበር። ይህ ሥርዓት በሕግ ያበቃው ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲሆን፣ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱም የተጀመረው በዚያው ዕለት ነው። ሕንፃዎቹ ግን አልፈረሱም። ብዙዎቹ ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት ሆኑ፤ ወርክሃውስን የሚያስታውሱ አረጋውያን እዚያ ግቢ መግባትን እንደ ውርደት ይፈሩት ነበር።

ታዲያ «ክብር» ሲሏችሁ ትልልቅ ቃል አትፈልጉ። ያ ቤት የነጠቀውን መመለስ ነው። በር አንኳኩቶ መግባት፣ «ዛሬ የትኛውን ልብስ ልልበስ ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሲያጥቡ መጋረጃ መዝጋት፣ በሚወዱት ስም መጥራት። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ልብ የምንለው ነገር አለ። ለእኛ «እማማ»፣ «አባባ» አክብሮት ነው። እዚህ ግን ሳይጠይቁ በቤተሰብ ስም ወይም በቁልምጫ መጥራት እንደ ሕፃን መቁጠር ሊሆን ይችላል። አንዷ አዛውንት ሙሉ ስማቸውን ይመርጣሉ፣ ሌላዋ አጭሩን። ስለዚህ ይጠየቃሉ። በቃ።

«ፐርሰን ሴንተርድ ኬር ምንድነው?» የሚለው ጥያቄም የዚሁ ወንድም ነው። በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶም ኪትዉድ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መርሳት በሽታ የነበረውን አስተሳሰብ ገለበጠው። በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን አስቀድሙ አለ። ሰው ትዝታው ቢጠፋም ሰውነቱ አይጠፋም። ማንነቱ እንዲቆም የሚያደርገው በዙሪያው ያለን ሰዎች የምናደርግለት ነገር ነው። ይህን አያታችሁን ያስታመማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በቃል አላወጣችሁትም እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ሴፍጋርዲንግ።

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የአይቮሪ ኮስት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ለአባቷ አክስት የሰጧት አውሮፓ ወስዳ ታስተምርልናለች ብለው ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ስንቶቻችን ነን ከገጠር ለትምህርት ተብለን ዘመድ ቤት ያደግን! ሴትየዋ ልጅቷን በፈረንሳይ በኩል በ1999 ለንደን አመጣቻት። የካቲት 25 ቀን 2000 ቪክቶሪያ በ8 ዓመቷ ሞተች። አስከሬኗን የመረመሩት ሐኪም 128 ጉዳቶች መዘገቡ። ጉዳዩን ያጣሩት ሎርድ ላሚንግ በ2003 ባወጡት ሪፖርት፣ ሊያድኗት የሚችሉ 12 አጋጣሚዎች እንዳመለጡ ጻፉ። ማኅበራዊ ሠራተኞች አይተዋታል፣ ሐኪሞች አይተዋታል፣ ፖሊስ ያውቃት ነበር።

ከሪፖርቱ ውስጥ ለእኛ የሚያመው ክፍል ሌላ ነው። ልጅቷ አክስቷ ፊት ቀጥ ብላ፣ እንደ ወታደር ትቆም ነበር። ይህን የሰሙ ባለሙያዎች አክብሮት ነው፣ የአፍሮ-ካሪቢያን ቤተሰብ ባህል ነው ብለው ገመቱ። ፍርሃት ነበር። በእኛም ቤት ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ «አንድ ልጅ ወይም አዛውንት የሚያሳስብ ነገር ቢያሳያችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲሉ፣ «ባህላቸው ነው ብዬ አልፋለሁ» የሚለው ሐሳብ በጥርጣሬም ቢሆን ከአፋችሁ እንዳይወጣ። የሰማችሁትን በራሱ በተናጋሪው ቃል ትጽፋላችሁ፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትገቡም፣ በዚያው ቀን ለኃላፊው ታሳውቃላችሁ። ምርመራው የእናንተ ሥራ አይደለም። ማየትና መናገር ግን የእናንተ ነው።

ቀጥሎ ሐበሻ የሚወድቅበት ጥያቄ ይመጣል፤ «የሥራ ባልደረባችሁ ታካሚ ሲያመናጭቅ ብታዩስ?»

ልባችን የሚለን የታወቀ ነው፦ ለብቻው ጠርቼ እመክረዋለሁ፣ እንጀራውን አልዘጋም፣ ገመና መሸፈን ነው። በሰፈር ጠብ ሽምግልና ትልቅ ሀብት ነው። እዚህ ላይ ግን የሚታረቁት ሁለት እኩል ሰዎች አይደሉም፤ አንደኛው ራሱን መከላከል አይችልም።

ብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሚታከሙበት የግል ሆስፒታል ነበር። ቴሪ ብራያን የተባለ ነርስ ሠራተኞች ታካሚዎችን እንደሚያንገላቱ አይቶ ለአለቆቹ አመለከተ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለሲኪውሲም፣ አመለከተ። የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ወደ ቢቢሲ ሄደ። ግንቦት 31 ቀን 2011 የፓኖራማ ፕሮግራም በድብቅ የተቀረጸውን ፊልም ሲያሳይ አገር ጉድ አለ። 11 ሠራተኞች ጥፋታቸውን አምነው በ2012 ተፈረደባቸው፣ ስድስቱ ወኅኒ ወረዱ። ሆስፒታሉም ተዘጋ።

ስለዚህ መልሱ በቅደም ተከተል ይኸው፦ መጀመሪያ ተጎጂውን ከአደጋ አወጣለሁ፣ ከዚያ ለኃላፊዬ እናገራለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ካልተሰማሁ ወደ በላይ፣ ወደ አካባቢው ካውንስል፣ ወደ ሲኪውሲ እሄዳለሁ። በቅን ልቦና የሚያጋልጥን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቋችሁ ያኔ ስላልተሰማው ነርስ ነው።

«ሲቪያችሁ ላይ የስምንት ወር ክፍተት አለ፤ የት ነበራችሁ?» ሲባል የሚከፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንደ ተጠርጣሪ ቆጠሩን ትላላችሁ። በ2002 ሶሃም በምትባል ከተማ ሁለት የ10 ዓመት ሴት ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ የትምህርት ቤት ጥበቃና ጥገና ሠራተኛ ነበር። በሌላ አካባቢ ሲኖር በተደጋጋሚ በወሲብ ወንጀል ተጠርጥሮ ፖሊስ ያውቀው ነበር፤ ሲቀጠር ግን መረጃው አልወጣም። በ2004 የወጣው የቢቻርድ ሪፖርት የማጣራት ሥርዓቱን አስለወጠ፤ የዛሬው ዲቢኤስ የዚያ መንገድ ውጤት ነው። ክፍተቱን ሁሉንም ሰው ይጠይቃሉ። እናንተም አትደባብቁ። ካርቱም ነበርኩ፣ ወይም የጥገኝነት ውሳኔ ስጠብቅ መሥራት አይፈቀድልኝም ነበር ብላችሁ ከወር እስከ ወር ተናገሩ። በዚህ የሚያፍር ሰው የለም።

«ልምድ የለኝም» ለምትሉ ደግሞ። በስታፎርድ ሆስፒታል የደረሰውን የታካሚዎች እንግልት ያጣራው የፍራንሲስ ሪፖርት በ2013 ወጣ። በዚያው ዓመት የካሚላ ካቨንዲሽ ጥናት የረዳት ሠራተኞች ሥልጠና ወጥነት እንደሌለው አሳየ። በሚያዝያ 2015 በ15 መመዘኛዎች የተጀመረው ኬር ሰርተፊኬት የመጣው ከዚህ ነው። ለአዲስ ገቢ የተዘጋጀ ስለሆነ ሥራውን ከጀመራችሁ በኋላ ይሰጣችኋል። ኢንተርቪው ላይ የሚፈልጉት ልባችሁን ነው፤ ልብን ደግሞ በምሳሌ ካልሆነ ማሳየት አይቻልም።

ምሳሌ ስታመጡ አራት ነገር በተራ ተናገሩ፦ ሁኔታው፣ የእኔ ኃላፊነት፣ ያደረግሁት፣ ውጤቱ። «እኔ» በሉ። እኛ ቤት ራስን ማመስገን ነውር ስለሆነ ሁሉን «እኛ አደረግን» እንላለን፤ ጠያቂው ግን እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ መጻፍ አለበት። አልጋ የያዙ አያትን ሁለት ዓመት ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ልምድ ነው። የዕድር ድንኳን ተሸክሞ ለቅሶ ቤት ማደርም ሰው ሲያዝን አጠገቡ መቆም መቻላችሁን ያሳያል።

እንግዲህ ጠያቂዎቹ ፊት ስትቀመጡ ይህን አስቡ። በጥያቄያቸው ውስጥ የሚሉት፣ ቪክቶሪያ ነገ በእጃችሁ ብታልፍ ታዩዋት ይሆን? ነው። «አዎ፣ አያታለሁ፤ አይቼም ዝም አልልም» ማለት የቻለ ሰው እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ይሰማል።

ኢንተርቪው ያለባችሁ በርቱ። የምታውቁት ሰው ካለ ላኩለት። ያለፋችሁም የተጠየቃችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ከኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል።