ጠባሳ የሌለው ቁስል

ጥይት የመታው ወታደር ጠባሳውን ገልጦ ያሳያል። ከገደል ተንሸራቶ የጉልበቱ መገጣጠሚያ የተናጋበት ግን ምኑን ያሳያል? ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሲብስበት ከእርጅና አይለይም፤ ምስክሩ ከገላው ይልቅ ወረቀት ነው።

የጡረታ ሕጋችን ከአዋጅ ቁጥር 209/1955 እስከ 1267/2014 ድረስ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ መሆኑን ይጠይቃል። መጠየቁስ አግባብ ነው፤ እኔም በባንክ መስኮት ተቀምጬ ማኅተም የሌለው ወረቀት አልቀበልም። ነገር ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ግዙፍ ሠራዊት ሲበተን ‹‹አዎን፣ ግዳጅ ላይ ሳለ ነው የወደቀው›› ብሎ የሚፈርመው አዛዥም፣ ማኅተም የሚያሳርፈው ክፍለ ጦርም አብሮ ፈረሰ። በሰኔ የተቋቋመው የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለተመላሾቹ እህልና የእርሻ መሣሪያ አድሏል። የፈረሰ ጦር ማኅተም ግን ከየት ይመጣል?

በውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለመብት ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ይላል። እዚያም ማስረጃ ይጠየቃል። በሕጉ ይርጋ አለ፤ መገጣጠሚያ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚናገረው።

እዚህ ቦሌ አራብሳ፣ ከእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጋሼ በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ተራራ ላይ ወድቀዋል። ጉልበታቸው ክፉኛ የጠናባቸው ግን ጦሩ ከተበተነ ከዓመታት በኋላ ነው። አሁን ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ ያርፋሉ። ያኔ የጻፉትን የይግባኝ ግልባጭ አሳይተውኝ ነበር፤ ከተዘረዘሩት ሦስት ምስክሮች በሁለቱ ስም ላይ በእስክሪብቶ መስቀል ተደርጎበታል።