ኬላና ጉርብትና፦ ስለ መረጃ መንገድ ስያሜዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ አድርጎ፣ ሲሬን አልፎ ነቀምት የሚገባው መንገድ ለቃላት አጥኚ ብዙ ያስተምራል። በሲራራ ንግድ ዘመን ነጋዴው ኬላ ሲደርስ ጭነቱ ይታያል፤ ቀረጡን ይከፍላል፤ ያልፋል። «ኬላ» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚሠራበት ቃል ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር መረቦች መካከል የመረጃን መንገድ ለሚወስነው ሥርዐት አቻ ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ አስቀድሞ «ኬላ»ን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቃሉ ለነገሩ አይስማማም።

ቢጂፒ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ይህ ሥርዐት የተጠነሰሰው በ1989 እ.ኤ.አ. በኦስቲን ከተማ ነው፤ ኪርክ ሎውሂድና ያኮቭ ሬክተር ረቂቁን በምሳ ሰዓት በናፕኪን ላይ እንደ ጻፉት ይነገራል። በሥርዐቱ ውስጥ ኬላ ጠባቂ የለም። እያንዳንዱ መረብ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ለጎረቤቱ ያስታውቃል፤ ጎረቤቱም አምኖ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። መንገድ መሪውን ፕሮግራም የሚያሰናዳ ባለሙያም ከሁሉ በፊት የሚጽፈው የራሱንና የጎረቤቱን መለያ ቁጥር ነው። (ፕሮግራሙን ባለሙያዎች «ዴመን» ይሉታል፤ ስያሜው ከፊዚክስ ምሳሌ የተወሰደ ስለሆነ «ጋኔን» ብሎ መተርጎም አይገባም።) በመሆኑም «ጉርብትና» የተሻለ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም «ኦላ» የሚለው ቃል ይመጥነዋል።

መተማመኑ ግን አደጋ አለው። በፌብሩዋሪ 2008 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው የመንገድ ማስታወቂያ ወደ ውጭ ሾልኮ፣ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። የአድራሻ ባለመብትነት በዲጂታል ፊርማ የሚመዘገብበት አሠራር በአፍሪኒክ በኩል ለአፍሪካ የተከፈተው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ማስታወቂያው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ውጤቱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፦ ከመዝገቡ ጋር ይስማማል፤ ወይም ይጋጫል፤ ወይም ስለ አድራሻው የተመዘገበ ነገር አይገኝም።

የአማርኛው ችግር እዚህ ላይ ነው። «ያልተረጋገጠ» ያልን እንደ ሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደባለቃሉ። «ያልተረጋገጠውን መንገድ አትቀበል» የሚል መመሪያ ያነበበ ባለሙያ፣ ጥፋት የሌለባቸውን፣ ገና ያልተመዘገቡትን መረቦች ሁሉ ይቆርጣል። «ሕገ ወጥ» ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ወረቀት የሌለውና ሐሰተኛ ወረቀት የያዘ መንገደኛ አንድ አይደሉም። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በመሠረቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ በነበረበት ጊዜ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን መመሪያውን የሚያነቡት በርክተዋል። እኔ «የተረጋገጠ»፣ «የተጋጨ»፣ «ያልተመዘገበ» የሚሉትን እመርጣለሁ፤ «የተጋጨ» ከመኪና አደጋ ጋር የሚያያይዘው ካለ «ከመዝገብ የተቃረነ» ቢባል አልቃወምም።